«ፒንከርተን»፦ የሠራው ሰው ያፈረበት አልበም እንዴት ተወደደ?

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ዊዘር የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1996 ያወጣውን «ፒንከርተን» የተሰኘ አልበም ነው። መጀመሪያ የሰማሁት በ2003 ዓ.ም. ታይዋን ገበያ አጠገብ ካለ አንድ ሞባይል ቤት ሚሞሪ ካርዴ ላይ ዘፈን ሳስጭን ነበር፤ ልጁ የጠየቅሁትን ጭኖ ሲጨርስ ቦታ ስለተረፈ «ይቺንም ውሰዳት» ብሎ 10 ዘፈኖች የያዘ አንድ ፎልደር ገለበጠልኝ። ስልኬ ዘፈኖቹን የሚያጫውተው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለነበር፣ የአልበሙ መዝጊያ የሆነው «በተርፍላይ» (ቢራቢሮ) ሁለተኛ ሆኖ ይመጣብኝ ነበር። በዚህ ዘፈን ውስጥ አንድ ሰው ቢራቢሮ ይይዝና ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ሲነሣ ደርቃ ያገኛታል፤ ከዚያም በአኩስቲክ ጊታር ዝቅ ባለ ድምፅ ይቅርታ ይጠይቃል። በዚህ የተነሣ ለሁለት ዓመት ያህል የዘፈኖቹን ደራሲ ሪቨርስ ኩኦሞን የማውቀው ገና ሳያጠፋ ይቅርታ የሚለምን የዋህ ሰው አድርጌ ነበር።

ትክክለኛውን ተራ አግኝቼ ስሰማው ደነገጥሁ። አልበሙ የሚጀምረው በየከተማው ከሚያገኛቸው ሴቶች ጋር ማደር እንደ ሰለቸው በሚጮህ ሰው ነው። ቀጥሎ ይነዘንዛል፣ ይቀናል፣ ወንድ የማትፈልግ ሴት ወዶ ይቆዝማል፤ ይቅርታው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ኩኦሞ ዘፈኖቹን የደረደራቸው በአብዛኛው በጻፋቸው ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ተራው ራሱ የሰውየው የሕይወት ታሪክ ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ታሪክ በፊደል ተራ ስሰማው ኖሬአለሁ።

የጀርባ ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ልግለጽ። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ በሚሊዮን ቅጂዎች ተሸጠ። ኩኦሞ ግን በዚያ ሁሉ ዝና መካከል ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ገባ። አንደኛው እግሩ ከሌላው አጭር ስለነበር አጥንቱን በቀዶ ሕክምና ሰብረው፣ ለወራት ብረት አስረውበት፣ እግሩን ቀስ በቀስ ማስረዘም ነበረበት። በሕዋ ላይ የሚካሄድ ታሪክ ያለው ትልቅ የሮክ ኦፔራ ጀምሮ ነበር፤ እሱን ጣለውና ከብቸኝነቱ፣ ከምኞቱና ከሕመሙ እነዚህን ዘፈኖች ጻፈ። አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ከ19ኛ ደረጃ ከፍ ማለት አልቻለም። የሮሊንግ ስቶን መጽሔት ሐያሲ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቶ የዘፈን አጻጻፉን ልጅነት የተጫነው ነው ሲል፣ የመጽሔቱ አንባቢዎች ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች መካከል መደቡት። እ.ኤ.አ. በ2001 ኩኦሞ ራሱ አልበሙን አስቀያሚ ብሎ ካደው፤ ግብዣ ላይ ሰክሮ የሆዱን ሁሉ ዘርግፎ፣ ጠዋት ሲነቃ ራሱን ምን ያህል እንዳዋረደ ከገባው ሰው ጋር ራሱን አመሳሰለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ያው መጽሔት ተመልሶ 5 ኮከብ ሰጠው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። በ1996 የሰሙት ናቸው የተሳሳቱት ወይስ በ2004 የሰሙት? አልበሙ ላይ አንዲት ኖታ አልተቀየረችም።


መጋላ ማዶ (ድሬዳዋ)፦

ወንድሜ የከዚራ ጥላ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ድሬ ላይ አንቱታ አይለመድም እየተባለ ስለምንታማ፣ «አንተ» በማለቴ አትቀየመኝ፤ በዕድሜ የምበልጥህ ይመስለኛል።

የ1996ቱ ሐያስያን ተሳስተዋል ብዬ አላምንም። አልበሙን ከዓመታት በፊት ልጄ አስደምጦኝ ነበር፤ ትናንት ማታ ደግሞ ለዚህ ውይይት ስል እንደገና ሰማሁት፤ «ልጅነት የተጫነው» የሚለው ፍርድ ትክክል ነው። እኛ ያደግንበት ዘፈን የግል ሕይወትን የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ትዝታ የሚዘፍን ሰው ሁሉ ስለ አንዲት የተለየች ሴት ነው የሚዘፍነው፤ ሴትየዋ ግን ማን እንደሆነች፣ የት ሰፈር እንደኖረች፣ ምን ብላ እንደጻፈች አይነግረንም። ስለማይነግረንም እያንዳንዳችን የራሳችንን ሰው በዘፈኑ ውስጥ እናስገባለን። የዜማው ትሕትና፣ የስንኙም ሰምና ወርቅ ለዚህ ነው የተሠሩት። እኚህ ሰውዬ ግን ሰም የሚባል ነገር ጭራሽ አላበጁም። ገበናቸውን እንዳለ አደባባይ አውጥተው ዘረጉት፤ እኔ ደግሞ የሰው ገበና ውስጥ ስገባ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ይጠፋኛል።

የከተማችን ልጅ ዓሊ ቢራ «ቢራ» የሚለውን መጠሪያ ያገኘው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ሰውየው ከዘፈኑ ስም ወሰደ እንጂ ዘፈኑ የሰውየው የግል ማስታወሻ አልሆነም። እኔ የምወደው አካሄድ ይህ ነው።


ሳቢያን ድምፅ (ድሬዳዋ)፦

እኔ ስለ ግጥሙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሙያዬ ድምፅ መቅረጽ ስለሆነ ስለ ድምፁ ልናገር።

ሁለቱን አልበሞች አከታትሎ የሰማ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ደቂቃ ይረዳዋል። የ1994ቱ በሪክ ኦካሴክ ፕሮዲዩሰርነት የተሠራ ነው፤ ጊታሮቹ ወፍራም ሆነው ጠርዛቸው የተስተካከለ ነው፣ የሚፈስ ነገር የለም። ሁለተኛውን ባንዱ ራሱ ፕሮዲዩስ አደረገው። ጊታሩ ከአምፕሊፋየሩ ጋር እየተጋጨ ይጮኻል፣ ከበሮው ክፍሉ ውስጥ ያስተጋባል። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የድምፃቸው አቀራረጽ ነው። ኩኦሞና የባንዱ ጓደኞቹ ማት ሻርፕና ብራያን ቤል በተራ እየገቡ ለየብቻ አልቀረጹም፤ ሦስት ማይክሮፎን ዙሪያ አንድ ላይ ቆመው ነው የዘፈኑት። ይህን ያልሠራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ከቃና ቢወጣ የእሱን ብቻ ነጥሎ ማረም አይቻልም፤ ወይ ሦስቱም እንደገና ይዘፍናሉ፣ ወይ ስሕተቱ እዚያው ይቀራል። እነሱ እዚያው እንዲቀር ፈቀዱ።

እኔ ቤት አብዛኛው ሥራ የሠርግ ዘፈን ነው። ዘፋኙ ሲቀርጽ ቬንትሌተሩን አጠፋለሁ፤ አለዚያ ማይኩ ያነሣዋል። በግንቦት ሙቀት በተዘጋች ክፍል ውስጥ ሰው ስንት ጊዜ ደጋግሞ መዝፈን እንደሚችል የድሬ ሰው ያውቀዋል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ስለ ሟች እናቱ የጻፈውን ሊቀርጽ መጥቶ አራተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ። እኔ በልማድ «ይደገም» አልሁት፤ ደገመው፤ አምስተኛው የጠራ ሆነ፤ ሰርቼም የሰጠሁት አምስተኛውን ነው። አራተኛው እስከ ዛሬ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ፤ አንዳንድ ማታ እከፍተዋለሁ። «ፒንከርተን» ከዳር እስከ ዳር በአራተኛው የተሠራ አልበም ነው። የ1996 ሰዎች ዝርክርክነት ብለው የሰሙት ታስቦበት የተወሰነ ውሳኔ ነበር።


የከዚራ ጥላ፦

ሳቢያን ድምፅ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ጋሼ መጋላ ማዶ (ይቅርታ፣ እኔ ግን አንቱ ማለት ይቀናኛል)፣ ስለ ትዝታ የተናገሩትን እቀበላለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ገበናውን ያወጣው ሰው የራሱን እስካወጣ ድረስ ጉዳቱ በማን ላይ ነው?


ጀጎል በር (ሐረር)፦

ከሐረር ሆኜ ስከታተላችሁ ነበር፤ ቡና ቀሸሩ እስኪፈላ ዝም ብዬ ነበር፣ አሁን ግን መናገር አለብኝ።

ራሱ የጻፈውን ኑዛዜ አፍሮበት ጥሎ የሄደ ሰው ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? የኛው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ አለ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1873፣ ስለ ገዛ ሕይወቱ፣ ስለ ውድቀቱና ስለ ከሸፈ ፍቅሩ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ብራሰልስ አሳተመ። ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ወስዶ የቀሩትን እዚያው አታሚው ዘንድ ትቷቸው ሄደ፤ ቅጂዎቹ ተደርድረው እንደተቀመጡ የተገኙት በ1901፣ እሱ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያች መጽሐፍ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ። በ1880 ማብቂያ ሐረር ሲገባ ቡናና ቆዳ የሚነግድ የአንድ የኤደን (የመን) ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ፈረንጆች በስሙ የሚጠራውን የሕንዳዊ ነጋዴ ቤት ሊያዩ ከጎዳናችን ይጎርፋሉ፤ በእርግጥ እዚያ ቤት ስለመኖሩ እንኳ ብዙዎች ይጠራጠራሉ። (እግርን ካነሣችሁ ደግሞ፣ ራምቦም በ1891 እግሩ ታሞ ከሐረር በቃሬዛ ወርዶ፣ ማርሴይ ላይ ተቆርጦለት፣ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ አረፈ። ነገሩ መገጣጠም ብቻ ነው፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ ግን አልሆነልኝም።)

ከዚህ ተነሥቼ የማስበው እንዲህ ነው። አንድ ሰው በ19 ወይም በ25 ዓመቱ ስለ ራሱ እውነቱን ሲጽፍ፣ የሚጽፈው ያ ሰው ሆኖ ለመቅረት አይደለም፤ ከዚያ ሰው ለመውጣት ነው። በ31 ዓመቱ ዞር ብሎ ሲያየው ማፈሩ የሚጠበቅ ነው። ራምቦ ያፈረበትን ትቶ ሚዛን ይዞ ቡና መዘነ። ኩኦሞ ዕድለ ቢስ ነው፤ ያፈረበትን ዘፈን ሰዎች በየመድረኩ እንዲዘፍንላቸው ይጮኹበት ነበር። የራምቦን ቅጂዎች ያገኟቸው ግን እሱ ለማፈር በሕይወት በሌለበት ጊዜ ነው።


እህተ ደጫቱ (ድሬዳዋ)፦

የከዚራ ጥላ «ጉዳቱ በማን ላይ ነው» ብለህ ጠይቀሃል። ለጋሼ የቀረበ ጥያቄ ቢሆንም እኔ ልመልስ።

በአልበሙ ውስጥ «ከባሕር ማዶ» ማለት የሆነ ዘፈን አለ፤ በአንተ ስልክ ላይ አንደኛ ሆኖ የሚመጣው እሱ መሆን አለበት። መነሻው አንዲት ወጣት ጃፓናዊት አድናቂ የጻፈችለት ደብዳቤ ነው። ሰውየው እግሩ ታስሮ፣ በብርድ አገር ብቻውን ተቀምጦ ይህ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ፖስታውን እያሸተተ ልጅቷን በሐሳቡ ይሥላል። ዜማው እጅግ ያምራል፤ እንዲያውም ከአልበሙ ሁሉ የበለጠ እሱ ነው ብል አላፍርም። ነገር ግን ደብዳቤው የእሷ ገበና ነበር።

ለምን እንደሚቆረቁረኝ ልንገራችሁ። 10ኛ ክፍል እያለሁ ለአንድ ልጅ ደብዳቤ ጻፍሁ። ልጁ ለጓደኛው አሳየው፣ ጓደኛው ደግሞ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አባል ነበርና በእረፍት ሰዓት «የፍቅር ጥግ» በሚሉት ዝግጅት በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ስሜ አልተጠራም። ግን «ደጫቱ ሲሞላ ሰፈርህን አስበዋለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት፤ ክፍላችን ውስጥ ከወንዙ ዳር የምመጣው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርሁ። አርባ ሰው ወደ እኔ ሲዞር ማስቲካዬን ሳላኝክ በአፌ እንደያዝሁ ቀረሁ። የሚያነበው ልጅ ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ ብዙዎች በጣም ነክቶናል ብለዋል።

ስለዚህ ሐያስያኑ «እንዴት ያለ ግልጽነት፣ እንዴት ያለ ድፍረት» ሲሉ፣ ግልጽነቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ እፈልጋለሁ። «ፒንከርተን» የሚለው ስም ከጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ፑቺኒ «ማዳማ በተርፍላይ» ኦፔራ የመጣ ነው፤ በጃፓን አንዲት ወጣት አግብቶ ጥሏት የሚሄደው፣ ኋላም ሕይወቷን እንድታጠፋ ምክንያት የሚሆነው አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን ስም ነው። ኩኦሞ ይህን ስም ለአልበሙ ሲሰጥ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» ማለቱ ነው፤ ይህንንም አልነሳውም፣ ብዙ ወንድ ይህን ያህል እንኳ አይልም። ሆኖም ኦፔራው የሚጠራው በሴቲቱ ስም ነው፤ ምሽቱን ሙሉ የምትዘፍነውም እሷ ናት። አልበሙ የወንዱን ስም ያዘ፤ ሴቲቱም በደብዳቤ ብቻ ቀረች።


ለገሃሬ ምሽት (ድሬዳዋ)፦

እኔ በዕድሜ የሁላችሁም ታናሽ ሳልሆን አልቀርም። ሐያሲው «ልጅነት የተጫነው» ያለው እኔን ያስወደደኝ ነው። 17 ዓመቴ ነበር፤ ኢሞ የሚባለውን የውስጥ ስሜት የሚዘረግፍ የሮክ ሙዚቃ እሰማ ነበር፤ የምወዳቸው ባንዶች ሁሉ ይህን አልበም ይጠቅሱ ስለነበር ፈልጌ አገኘሁት። አንድ ትልቅ ሰው እኔ ለራሴ እንኳ የማልነግረውን ነገር ጮክ ብሎ ሲናገር መስማት እፎይታ ነበር። የእህተ ደጫቱን ካነበብሁ በኋላ ግን ዘፈኑን ዛሬ ከፍቼ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋሁት። ነገ ደግሞ እንደምከፍተው አውቃለሁ።


መጋላ ማዶ፦

እህቴ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብሁላት። «ልጁን አግኝታ አልመታችውም?» አለችኝ። እኔም ያው ጥያቄ አለኝ።

ኦፔራውን ካነሣሽ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ፑቺኒ ያንን ኦፔራ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1904 ሚላኖ ላ ስካላ ቲያትር ቤት ሲያቀርብ በመጀመሪያው ምሽት ተመልካቹ በፉጨትና በጩኸት ተቀበለው። ሰውየው ሥራውን ወዲያው ከመድረክ አነሣ፤ ረጅሙን ክፍል ከፈለ፣ ቆረጠ፣ አሻሻለ፤ በግንቦት ብሬሺያ ላይ ሲያቀርበው ጭብጨባ ጎረፈለት። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ከዚሁ ታሪክ ስሙን የወሰደው አልበምም በመጀመሪያው ምሽት ተፉጨበት፤ ኩኦሞ ግን የሚቆርጠው ነገር አልነበረውም። የሕይወት ታሪክ ሦስተኛው ገቢር ረዘመ ተብሎ አይቆረጥም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ዝም ብሎ ከርሞ በ2001 ኦካሴክን መልሶ ጠርቶ፣ ከግል ጉዳይ የጸዳ፣ ለስላሳና አጭር አልበም ሠራ። ተሸጠለትም። እዚህ ላይ ነው እኔ የምሸነፈው፤ ምክንያቱም በእኔ መመዘኛ ያኛው ጨዋ አልበም መብለጥ ነበረበት፤ ልጄ ሁለቱንም አስደምጦኛል፤ ከጨዋው አንድ ዜማ እንኳ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቀረም። የገበናው ግን ትናንት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ወድጄው ነው እንዳትሉ፤ አልወደድሁትም።


ሳቢያን ድምፅ፦

እህተ ደጫቱ፣ አስተያየትሽን ሳነብ ያ አራተኛው ቅጂ ትዝ አለኝ። ልጁ በእኔ ዘንድ እንዳለ አያውቅም። ስልኩ ስላለኝ ነገ ደውዬ እጠይቀዋለሁ፤ አጥፋው ካለኝ አጠፋዋለሁ።


ጀጎል በር፦

ለመዝገብ ያህል፣ ኩኦሞም ኋላ ከአልበሙ ጋር ታርቋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባንዱ ተጨማሪ ቅጂዎች አክሎ እንደገና አሳተመው፤ በዚያው ዓመት በጀመሩት ጉዞም በየከተማው ሁለት ምሽት እየቆዩ፣ በአንዱ ምሽት የመጀመሪያውን አልበም፣ በሌላው «ፒንከርተን»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። በ26 ዓመቱ ያወጣውን በ40 ዓመቱ መድረክ ላይ ቆሞ መዘመር ምን ስሜት እንደሚሰጥ አላውቅም። ሕዝቡ ከእሱ በላይ እየጮኸ ይዘፍን ስለነበር፣ ምናልባት የእሱ መሆኑ ቀርቶ ይሆናል። ጋሼ መጋላ ማዶ፣ ትዝታ የማንም የሆነውም እንዲህ ባለ መንገድ ይሆን?


እህተ ደጫቱ፦

የማንም ሲሆን መጀመሪያ የማን እንደነበረ ይረሳል። ለማንኛውም አልበሙን ከትናንት ወዲህ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ልጠላው ቆርጬ ነበር የተነሣሁት። «በተርፍላይ» ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ሥራዬን አቆማለሁ። ይቅርታ የሚጠይቀው ቢራቢሮዋን ነው፤ እሷ ደግሞ ሞታለች፤ ልትመልስለት አትችልም። ይህን እያወቀ የጻፈው ይመስለኛል።


የከዚራ ጥላ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ማን ተሳሳተ» ብዬ የጀመርሁት ጥያቄ አሁን ደካማ ሆኖ ታይቶኛል፤ የ1996ቱም የ2004ቱም ሰዎች የሰሙት አንድ ነገር ነው፤ አንደኞቹ ፊታቸውን አዞሩ፣ ሌሎቹ አፍጥጠው አዩ። እህቴ ደጫቱ ያነሣሽውን ግን ሁለቱም ወገኖች በጊዜው በቅጡ አላዩትም፤ እኔም በ14 ዓመት ውስጥ አላየሁትም ነበር።

ሳቢያን ድምፅ ፈቅዶልናል፤ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ እሱ ስቱዲዮ ተሰብስበን አልበሙን በትልቁ ስፒከር እንሰማዋለን። ጀጎል በር በሚኒባስ ይመጣል፤ ቡና ቀሸር ይዞ እንዲመጣ ተስማምተናል። ጋሼም ባለቤታቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል። ፋይሎቹን ከ01 እስከ 10 ቁጥር ሰጥቼ በፍላሽ አዘጋጅቻቸዋለሁ፤ ስለዚህ «በተርፍላይ» በዚህ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል።


ሳቢያን ድምፅ፦

ቬንትሌተሩ እንደበራ ነው የምንሰማው።